ምጣዱ ይቆይ፣ የውሃው ዕቃ ይቅደም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከአንድ ወር በፊት ሥራ ይዤ ድሬዳዋ መጣሁና ሳቢያን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ለብቻዬ ስኖር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያለኝ ፍራሽ፣ አንድ ሳፋና ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው። በየቀኑ ምግብ ቤት መብላት ደመወዜን ጨረሰው፤ ለሆዴም አልተስማማውም። አንዱ ባልደረባዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ፍሪጅ ይቅደም ይላል። ባለፈው ሰንበት ከአከራዬ ድስትና ምድጃ ተውሼ ሽንብራ ብቀቅል ግማሽ ቀን ሙሉ አልበስል ብሎኝ ደፋሁት። እናቴ የራሷን ጀበናና የከሰል ምድጃ ልትልክልኝ ነው። ከየት ልጀምር?
አንባቢዎ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ሽንብራው ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

እኔም ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ከደጋ ነው፤ ከደሴ፣ በሙሽርነቴ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ስድስት ድስት ይዤ መጥቻለሁ። ለውሃ ግን የነበረኝ አንድ ባልዲ ብቻ ነበር። በገባሁ በሦስተኛው ቀን የቧንቧው ውሃ ጠፋ፤ ስድስቱም ድስት ውሃ ተሞልቶ መሬት ላይ ተደረደረ፣ ወጥ የምሠራበት አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎጆ ለሚወጣ ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ማእድ ቤት የሚጀመረው በውሃ ዕቃ ነው።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ግዛ፤ ክዳናቸው የሚጠብቅ ይሁን። አንዱ ለምግብና ለመጠጥ፣ ሌላው ለዕቃ ማጠቢያ። አፈ ሰፊ በርሜል ርካሽ ነው ብለው ቢያሳዩህ ልክክ የሚል ክዳን ከሌለው እለፈው። ምክንያቱን በሰውነቴ አውቀዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቺኩንጉንያ የሚባለው በሽታ ከተማችንን ሲያጠቃ እኔም ተኝቻለሁ። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ለቀቀኝ፤ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ግን ወራት ፈጀ፣ ማማሰያ መያዝ አቅቶኝ ጎረቤቶቼ ነበሩ ወጥ የሚሠሩልኝ። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባል ሌላ የትኩሳት በሽታ ገብቶ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ እቤታችን ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ነው የምትራባው። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው የዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን ዕቃውን አራግፈህ የውስጡን ግድግዳ በብሩሽ ፈትገው። እንቁላሉ አድጎ ትንኝ ለመሆን ሳምንት ያህል ይፈልጋልና በየሳምንቱ ከፈተግህ አትቀድምህም። እባክህ ይህችን ነገር አትርሳብኝ።

ለመጠጥ ደግሞ አቅምህ ሲፈቅድ ትንሽ እንስራ ግዛ። የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ እንስራ እዚህ ከደጋው ይልቅ ሥራውን ያሳያል። ውሃው በሸክላው በኩል በጥቂት በጥቂቱ ወዝቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ በግንቦት ሙቀት እንኳን ጉሮሮ የሚያርስ ውሃ ታገኛለህ። እሱንም ክደነው።

አሁን ወደ ድስቱ። ስድስት አያስፈልግህም፤ አንድ ይበቃሃል። ግን ጥሩ ይሁን፤ ሁለት ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ታቹ ወፍራም፣ ክዳኑ ልክክ የሚል። ብቻውን የሚኖር ሰው ትልቅ ድስት ሲገዛ ሳያስበው ለአምስት ሰው ይሠራል፤ እዚህ ሙቀት ደግሞ የምሳ ወጥ ለማግስት አይደርስም። ቀጭን ድስት ሽንኩርቱን ከሥር እያሳረረ ከላይ ጥሬ ይተወዋል፤ የሽንኩርት ቁሌት ያረረበት ወጥ ደግሞ በምንም አይመለስም። ከድስቱ ጋር አንድ ማማሰያ፣ አንድ ጭልፋ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ መክተፊያና አንድ ትንሽ መጥበሻ ውሰድ። ሳህንና ማንኪያ ሁለት ሁለት አድርግ፤ እንግዳ ይመጣል።

ሽንብራህ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃው 96 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲያውስ ሽንብራው ከእናትህ ቤት ፈጥኖ መብሰል ነበረበት። ያልበሰለው ውሃችን ከባድ ስለሆነ ነው። ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነውና ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ይበዛል፤ ካልሲየሙ የጥራጥሬውን ሥጋ ይዞ አላላም ያሰኘዋል። የአከራይህን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ገልጠህ ተመልከት፤ ከታቹ እንደ ኖራ የተጋገረ ነጭ ቅርፊት ታያለህ። እሱ ነው።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ውሃውን በዋዜማው አፍልቼ አስቀምጠዋለሁ። ሲፈላ ከካልሲየሙ የተወሰነው ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ሲረጋ ከላይ ያለውን ቀስ ብዬ ቀድቼ ሽንብራውን በእሱ እዘፈዝፋለሁ፣ በእሱም እቀቅላለሁ። ሌሊቱ ሞቃት ስለሆነ መዘፍዘፊያው ይኮመጥጣልና ከመተኛቴ በፊት አንዴ እለውጠዋለሁ። ቲማቲምም ሆነ ሎሚ ሽንብራው በጣት ሲጫኑት እሺ እስኪል ድረስ አይገባም፤ ኮምጣጣ ነገር ቅርፊቱን ያደርቀዋል። ሲገዛም ብዙ አትግዛ። ጥራጥሬ በሙቀት ውስጥ ብዙ ወር ከቆየ ውሃው ምንም ቢሆን አልበስል ይላል፤ ገበያተኛ ከሚበዛበት ሻጭ ለሳምንት የሚሆንህን ብቻ ውሰድ። ማንቆርቆሪያው ላይ የተጋገረውን ደግሞ የሎሚ ጭማቂ በውሃ አፍልተህ ብታሳድረው ጠዋት ተላቆ ታገኘዋለህ።

የኤሌክትሪክ ምጣዱን ለጊዜው ተወው። ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ይህ ወደ 16 አምፔር ነው። ብዙ የኪራይ ክፍሎች የተዘረጋላቸው ሽቦ ለመብራትና ለስልክ ቻርጀር የታሰበ ቀጭን ሽቦ ነው። ጎረቤቴ የነበረች ልጅ እንዲህ ባለ ክፍል ምጣዷን ሰክታ አራተኛው እንጀራ ላይ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቆረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን እሷ ተረፈች። ይህን የሚወስነው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሽቦውን ከቆጣሪው ጀምሮ ካላየልህ አትሰካ። ደግሞስ አንድ ሰው ስንት እንጀራ ይበላል? ከሚጋግሩ እናቶች የዕለቱን ሁለት ሦስት እንጀራ ግዛ። ላስቲክ ውስጥ አትቋጥረው፤ ያልበውና በማግስቱ ይሻግታል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ በትንሽ መሶብ አስቀምጠው። ለወጥ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃሃል፤ እሱንም ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አትደርበው።

ፍሪጁ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ይቆይ። ሽሮ፣ በሶ፣ ምስርና በርበሬ በደረቅ ዕቃ በደንብ ከተከደኑ ያለ እሱ ይኖራሉ፤ ሥጋና ወተት ደግሞ በዕለቱ ገዝተህ በዕለቱ ትጨርሳለህ።

አሁን የምነግርህን ጆሮህን ሰጥተህ ስማኝ። እናትህ የምትልከው የከሰል ምድጃ ክፍልህ ውስጥ አይግባ። ደብረ ብርሃን ላይ ለብርድ ፍም ወደ ቤት ማስገባት ልማድ መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ብርድ የለም፤ ትንኝ ፈርቶ መስኮት ዘግቶ ቡና ማፍላት ግን አለ። ጭሱ ያለቀለት፣ ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍም ያመጣል። በረንዳ ላይ አፍላ፤ ሲያልቅም ፍሙን እዚያው ውሃ ረጭተህ አጥፋው። ራስህን ካመመህና ከዞረብህ ወዲያው ወደ አየር ውጣ።

ጀበናው ግን ደስ ብሎኛል። የእናትህ ጀበና ስለሆነ ዓመታት ያሟሹት ነው፤ አዲስ ብትገዛ የማታገኘው ነገር ነው። በሳሙና አትጠበው፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና በሚቀጥለው ቡናህ ውስጥ ይመልስልሃል። በውሃ ብቻ አለቅልቀህ አፉን ዘቅዝቀህ አድርቀው። ለሽሮ አዲስ የሸክላ ድስት ከገዛህ ግን ራስህ ማሟሸት አለብህ። ታጥቦ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ከዚያ ውስጡን ዘይት ቀብተህ በለስላሳ እሳት ላይ ጣደው። መጀመሪያ ዘይቱን ስለሚጠጣ ፈዞ ይታያል፤ ቀስ በቀስ ይጠቁርና ይወዛል። በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ አትንካው፤ በማግስቱ ደግመህ ቀባው። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስህበት ይሰነጠቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ቀፊራ ገበያ ሂድ። ሸክላውን በግራ መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ በቀኝ ጣትህ አንጓ አንኳኳው። እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠህ ደህና ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠህ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበትና ሻጯን አመስግነህ ሌላ አንሳ፤ ሳታንኳኳ ግን አትክፈል።