የራስህን ትራክ ስትገዛ፦ ካስካዲያ ወይስ ቮልቮ?

ወንድሜ፣ «ካምፓኒ መንዳት ትቼ እዚሁ አሜሪካ የራሴን ትራክ ልገዛ ነው፤ ያገለገለ ካስካዲያ ይሻለኛል ወይስ ቮልቮ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ከስሙ በፊት ሞተሩን ነው የማየው። ዲዲ15 የሚባለው የዲትሮይት ሞተር ያለው የፍሬይትላይነሩ ካስካዲያ መካኒክም ዕቃም በየስቴቱ አታጣለትም። መንገድ ላይ ስትቆም ይሄ ከምቾት ይበልጣል። ቮልቮ ለሹፌር ይመቻል፣ አይ-ሺፍት የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮውም ለስላሳ ነው፤ ግን ሁሉም ጋራዥ አይደፍረውም።

ማይሉ ብቻ እንዳይሸውድህ። ሞተሩ ሞቆ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ እዚያው አፉ ላይ አስቀምጠው። ከስር የሚወጣው ጭስ እየገፋ ካዘለለው ፒስተን ሪንጎቹ አልቀው ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ሁሉም ትራክ እንዲህ ነው» ይልሃል፤ አትስማው። የዘይት ናሙናም ላብራቶሪ አስመርምር፣ ዋጋው ከምሳ ብዙም አይበልጥም።

ኪስ የሚያራቁተው ግን ዲፒኤፉ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው የጥላሸት ማጣሪያ ነው። ላፕቶፕ አስገጥመህ ኮምፒውተሩን አስነብብ፤ ቶሎ ቶሎ ሪጀን የሚያደርግ ከሆነ፣ ማለትም ማጣሪያው ውስጥ የታጨቀውን ጥላሸት የሚያቃጥል ከሆነ፣ ተጠንቀቅ። «ዲሊት ስለተደረገ አያስቸግርህም» ካሉህ ደግሞ ውልቅ በል። ማጣሪያውን እንዲህ ማስወገድ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ ልጫን ካልክም ከ2023 ጀምሮ የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ የሞዴል ዓመት ያለው ሞተር ግድ ነው።

ካምፓኒህ ትራኩን በሊዝ ፐርቸስ፣ ማለትም እየሰራህ በየጊዜው እየከፈልክ በምትገዛበት ውል፣ ልስጥህ ካለህ ውሉን ጠበቃ ያንብብልህ። ብዙዎቹ ላይ ስራ ከለቀቅክ ትራኩም የከፈልከውም እዚያው ይቀራል።