በብርቱካን ልጣጭ የታየው ክፍት ቦታ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልምምድ ጨርሰን የታኬታችንን ጭቃ ስናጥብ፣ ከእናንተ መካከል አንዱ ጠጋ ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። በዚያን ዕለት ከሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ፊት ቆሞ እንዲጫወት፣ ኳስ ወደፊት በሄደች ቁጥርም ተከትሏት እንዳይሮጥ ደጋግሜ ነግሬው ነበር። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ለሀገር ብንጫወት ኖሮ እንዲህ ወደ ኋላ ተሰብስቦ መጠበቅ ውርደት አይሆንም ነበር?» አለኝ። የሰጠሁት መልስ አጭርና የማይረባ ነበር፤ ዝናቡም ስለ መጣ ተበታተንን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም ይህንኑ ነገር በ1979 ዓ.ም. አንድ ሌላ ልጅ አንስቶብኝ ነበር፤ ለእሱ የሰጠሁት መልስ ደግሞ ከማይረባም የከፋ ነበር።

ያን ጊዜ የሠላሳ አንድ ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ። ከጅማና ከአካባቢዋ የተመረጡ ወጣቶችን ይዤ በክፍለ ሀገራት መካከል ወደሚደረግ ውድድር ሄድኩ። ሁለቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች አሸንፈን ለፍጻሜ ከሚያሳልፈው ጨዋታ ደረስን። በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ከማዕዘን ምት በግንባር አግብተን አንድ ለዜሮ እየመራን ለዕረፍት ወጣን። ልጆቹ በአግዳሚው ዙሪያ በደረቀው ሣር ላይ ተቀምጠው አራት አራት ቦታ የተቆረጠ ብርቱካን ይመጥጡ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ልጅ፣ ተከላካይ አማካያችን፣ የጓደኞቹን ልጣጭ ሰብስቦ ወደ እኔ መጣና መሬት ላይ ደረደረው፦ አራት ልጣጭ ከኋላ በአንድ መስመር፣ ሁለቱን ደግሞ ራቅ አድርጎ ከፊት። ከዚያ በሁለቱ መስመሮች መካከል በነበረው ባዶ ቦታ ላይ አንዲት የብርቱካን ፍሬ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ቁጥር ዐሥራቸው ግራኝ ነው፤ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው። እኔ ከወጣሁ ማንም የለም፤ ዞሮ ይመታል። ከፈቀዱልኝ እዚሁ ልቁም» አለኝ።

ያቺ ፍሬ ዛሬም በዓይኔ ላይ አለች። ልጁ ያየውን ነገር ለማየት እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱ ግን በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ አንብቦት ነበር። እኔም ልጣጩን በጫማዬ ጫፍ በትኜ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ «የጅማ ልጅ አይፈራም! ወጥታችሁ ጨርሷቸው!» አልኩ። ልጆቹም በጭብጨባ ተነሡ። ከዕረፍት መልስ ቁጥር ዐሥሩ በዚያችው ቦታ ላይ ኳስ ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ አቻ የምታደርጋቸውን ጎል አገባ። ቡድኔን የበለጠ ወደፊት ገፋሁት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎል እኛ በተውነው ሜዳ ላይ በመልሶ ማጥቃት መጡ። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን።

ሽንፈቱን ረስቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። የማልረሳው ወደ ጅማ ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ የሆነውን ነው። ቆሜ ስለ ወኔ ስናገር ከቆየሁ በኋላ ወደዚያ ልጅ ጣቴን ቀስሬ «ገና በዕረፍት ሰዓት ልቡ የፈራ ሰው ይዘን ስለገባን ነው» አልኩ። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። የጊቤ በረሃ ደርሰን ሻይ ለመጠጣት ሁሉም ሲወርድ እሱ ከመቀመጫው አልተነሣም። ሰኞ ጠዋት ማሊያውን አጥቦና አጣጥፎ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ኳስ ሲነካ ያየው የለም።

ያን ቀን እንዲህ ያናገረኝ ምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። እኔ ያደግሁት አባቴ በሚነግረኝ የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ነው። ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ፣ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በጭማሪው ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፈን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አባቴ ይህን ሲተርክ ስለ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ አሰላለፍ አንድ ቀን እንኳ አላነሣም፤ የሚናገረው ስለ አጥቂው መንግሥቱ ወርቁ ልብ ነበር። እኔም ኳስ በልብ ብቻ የምትሸነፍ መስሎኝ አደግሁ። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ እዚሁ ሀገራችን ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን ስንወስድም ራዲዮኑን ከብበን «ወኔ ነው! ወኔ ነው!» ተባብለናል፤ የመለያ ምት ትዕግሥትንና የተለማመደ እግርን እንደሚፈልግ ማናችንም አላነሣንም።

ዓይኔን የገለጠልኝ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ሲተርክልኝ ከኖረው ቀን ልክ ሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ። ከሠላሳ አንድ ዓመት ቆይታ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። ጅማ ውስጥ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት ሁሉ ጢም ብሎ ነበር። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ቀጥሎ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዕረፍት ሊወጡ ሲሉም ጎል ገባብን። ከዕረፍት በኋላ ግን እነዚያ ዐሥር ሰዎች ተጠጋግተው፣ መሐሉን ዘግተው፣ ጊዜያቸውን ጠብቀው ሲጫወቱ አየሁ፤ አዳነ ግርማም አገባ። አጠገቤ የነበሩ የማላውቃቸው ሰዎች አቅፈውኝ አልቅሰናል። ያን ያህል በሀገሬ የኮራሁበት የኳስ ቀን የለኝም፤ የኮራሁትም አንድ ለአንድ በወጣ ጨዋታ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶን ስንገጥም ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። አንድ ለዜሮ እየተመራን ሳለ የእነሱ ግብ ጠባቂ በስድሳኛው ደቂቃ አካባቢ በቀይ ካርድ ወጣ። ያለንበት ቤት በሙሉ «በለው!» እያለ ተነሣ፤ እኔም አብሬ ጮኼአለሁ። ልጆቻችን በቁጥር በልጠናል ብለው በሙሉ ልብ ወደፊት ወጡ፤ ከዐሥር ሰዎች ጋር እየተጫወቱም ሦስት ጎል ተጨመረባቸው። ሦስተኛው ሲገባ ያቺ የብርቱካን ፍሬ ትዝ አለችኝና ወጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናንተ የምታስታውሱት ደግሞ በ2014ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከካሜሩን ጋር ያደረግነውን ጨዋታ ነው፤ አስተናጋጇ ላይ ዳዋ ሁቴሳ በአራተኛው ደቂቃ አገባ፣ በስምንተኛው ደቂቃ አቻ ሆኑ፣ በመጨረሻም አራት ለአንድ ተሸነፍን። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ፦ ጎል ካገባችሁ በኋላ ያሉትን አምስት ደቂቃዎች ተጠንቅቃችሁ ተጫወቱ። ደስታው ገና ከሰውነታችሁ ሳይወጣ በመስመሮቻችሁ መካከል ያለው ርቀት ሳታውቁት ይሰፋል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብና ስለ ሩጫ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

ስለ እናንተ ትውልድ የሚያሳስበኝን ልናገር። የአውሮፓ ክለቦችን አሰላለፍ ከነቁጥሩ በቃላችሁ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ጨዋታን የምታዩት በስልክ ላይ፣ ጎሏ ብቻ ተቆርጣ በመጣች አንድ ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ኳስ የሌለው ሰው አይታይም። ሌሎቻችሁ ዘጠናውን ደቂቃ ተቀምጣችሁ የምታዩት የውርርድ ወረቀት በኪሳችሁ ሲኖር ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አሰልጣኝ ሲናገርም መከራከር አብዝታችኋል። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን ቆም ብዬ አሰብኩ፤ ያ ልጅ እንደ እናንተ የሚከራከር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልጣጩን መልሶ ይደረድርልኝ ነበር። ስለዚህ ክርክሩን አትተዉ።

የጠየቅኸኝ ልጅ ሆይ፣ አንተ በ2015 ዓ.ም. የሞሮኮን ቡድን ሳታይ አልቀረህም። ከአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው ይህ ቡድን እስከዚያ ድረስ የተቆጠረበት አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱንም ከካናዳ ጋር ሲጫወት የራሱ ተጫዋች በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረው ነው። ስፔንን መቶ ሃያ ደቂቃ ኳሱን አስይዞ ጎል ከልክሎ በመለያ ምት አሰናበታት፤ ፖርቱጋልን አንድ ለዜሮ አሸነፈ። ከተከላካዮቹ ፊት ሶፍያን አምራባት ነበር፤ አንተን ቅዳሜ ያቆምኩህ ቦታ ላይ። ከሞሮኮ ሕዝብ መካከል ያን ቡድን ተዋርዷል ያለ ሰው አልሰማሁም። እኛም ኳስ ሜዳ ላይ የዓድዋን ስም ስናነሣ፣ ከዓድዋ በፊት መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን የውኃ ምንጭ አስይዘው ጠላት ተጠምቶ ምሽጉን እስኪለቅ መጠበቃቸውን እንዘነጋለን። ምንጩን ይዞ የተቀመጠ ወታደር ፈሪ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስለ ወኔ ያልኩትን ግን ሙሉ በሙሉ አልሽረውም። በ1954 ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ለአንድ እየተመራ የነበረን ቡድን ሉቺያኖ አቻ ያደረገው ቦታ በመጠበቅ ብቻ ነው ልላችሁ አልችልም። የሀገር መዝሙር ሲዘመር ዓይኑ እንባ የማያቅርር ልጅ በእኔ ቡድን ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ወኔ መቼ ከቦታ እንደሚያስወጣ፣ መቼ በቦታ እንደሚያቆም በቀመር ላስተምራችሁ አልቻልኩም፤ ቅዳሜ ሜዳ ላይ አብረን እንሞክረዋለን። አንተ ግን ቁጥር ዐሥሩ የት እንደሚቆም መጀመሪያ እየው፤ ከዚያ መጥተህ ንገረኝ፤ እሰማሃለሁ።

ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ እዚሁ ጅማ ቡና ይነግዳል። አልፎ አልፎ በጅማው መርካቶ እንገናኛለን፤ ቀድሞኝ ባርኔጣውን ያነሣል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ዋጋ እናወራለን፣ እንለያያለን። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የሊጉን ዋንጫ ባነሣ ጊዜ ከተማው ሁሉ ሲወጣ በመንገዱ ዳር በሱቁ በር ላይ ቆሞ አየሁት፤ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነበር። በዚያች ቀን ይቅርታ ልጠይቀው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ሕዝቡ መካከላችን ገባ፤ ከዚያ በኋላም ዕድሜዬንና የመምህርነት ክብሬን ሰበብ እያደረግሁ አቆይቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት እሄዳለሁ።