ሀ ሁን ትዘምራለች፣ ማንበብ ግን አልሆነላትም

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትወጣዋለች። «ቢ»ን ለብቻው ሳሳያት ግን ከ«በ» ጀምራ ካልቆጠረች አታውቀውም። ምን ላድርግ?
የቸገራት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ልጅሽ የያዘችው ዜማውን ነው። አንደኛ ክፍል ሳስተምር እንዲህ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ይመጡልኝ ነበር። ገበታውን ለጊዜው ጠቅልለሽ አስቀምጪው። 231 ፊደል በአንዴ ማሸከም ምን አስቸኮለን?

በካርቶን ቁራጭ ላይ ላ፣ ም፣ ስ፣ ማ ብለሽ በትልቁ ጻፊ። ከነዚህ ብቻ ላም፣ ስም፣ ስማ፣ ምላስ ይወጣል። «ምላስ»ን ራሷ ገጣጥማ ካነበበች ምላሷን ታውጣ። ልጆች ይህቺን ይወዷታል፤ ደግሜ ላንብብ ይላሉ።

ብዙዎቹ የሚሰናከሉት ሳድስ (እንደ «ም» እና «ስ» ያለው ስድስተኛው ፊደል) ላይ ነው። «ላም»ን «ላ… ምእ» ብለው ይቆርጡታል። ስለዚህ «ላ»ን ጎትታ፣ ትንፋሿን ሳታቋርጥ ከንፈሯን ትግጠም። ከንፈሯ ሲገጥም «ም» መጣ ማለት ነው።

«ቢ»ን በተመለከተ፣ ሊ፣ ሲ፣ ቢን ጎን ለጎን ደርድሪላት። ቀኝ እግራቸው ሥር ያለችውን ቅጥያ በጣቷ ትንካ። ሉ፣ ሱ፣ ቡ ላይ ቅጥያዋ ወደ ወገባቸው ትወጣለች። ይህን ካየች መቁጠሩን ራሷ ትተወዋለች።

ሀ፣ ሐ፣ ኀን መለየት ይቆይ። እኛ አዋቂዎቹስ መቼ አጣራነው!

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ካዛጋች ካርቶኑን ሰብስቢ።