ዘንዶውን ማን ይቀልበዋል?

ልጆቼ፣

ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ አብዝቼ የማነበው የእናንተን መጻሕፍት ነው፤ የዘንዶና የአስማተኛ ልብ ወለድ፣ በሥዕል የሚተረከው ኮሚክስም ጭምር። እኩዮቼ «በዚህ ዕድሜህ ተረት?» ይሉኛል፤ ይበሉ። ዕድሜ ልኬን ኦዲተር ስለነበርኩ ግን አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ ይህን ሁሉ ዘንዶና ሠራዊት ማን ይቀልበዋል? ወጪውን የሚደብቅ ደራሲ አይጥመኝም። እናንተም መጽሐፍ ስታነሱ ይህችን ጥያቄ አትርሱ።

ጆርጅ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1996 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባወጣው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው የተከታታይ ልብ ወለዱ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ አዲሱ የንጉሡ እንደራሴ ከአማካሪዎቹ ጋር ገና መቀመጡ ነው። ንጉሡ ለሹመቱ ክብር የፈረስ ግጥሚያ ይደገስ ብሏል። ለአሸናፊው 40,000 ወርቅ፣ ለሁለተኛው 20,000፤ ከቀረው ሽልማት ጋር ሲደመር 90,000 ይደርሳል። እንደራሴው «ግምጃ ቤቱ ይችለዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለካ መንግሥቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ ዕዳ ተሸክሟል፤ ግማሽ ያህሉም የንግሥቲቱ አባት ገንዘብ ነው! ድግሱ ግን አልቀረም። ዘንዶ ገና አልተፈለፈለም፣ ጦርነቱም አልተጀመረም፤ ለእኔ ያ ዙፋን የወደቀው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰዎች የሰይፉን ትዕይንት ሲያወሩ እኔ የማወራው ይህንን ነው። ቅሬታዬንም ልንገራችሁ፤ አምስተኛው ቅጽ በ2011 ወጣ፣ ስድስተኛው እስካሁን የለም። ዕጣው የማይደርስ ዕቁብ ነው፤ ስትገቡበት አውቃችሁ ግቡ።

ከሁሉም ልቤን የገዛችው ኧርሱላ ለ ጉዊን ናት። በ1968 የጻፈችው የምድረ ባሕር አስማተኛ ታሪክ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ሺህ ገጽ የሚያስፈራችሁ ከዚህ ጀምሩ። እዚያ አገር የሰው እውነተኛ ስም አይነገርም፤ ስሙን ያወቀ ሰው ባለቤቱ ላይ ሥልጣን አለው። አያቴ የክርስትና ስሟን ክፉ ሰው እንዳይሰማው እንዴት ትደብቅ እንደነበር ስለማውቅ፣ ይህን ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። ደግሞ አስተማሪዎቹ ተማሪውን ያስጠነቅቁታል፤ እዚህ ያዘነብከው ዝናብ ሌላ ደሴት ላይ ድርቅ ሊሆን ይችላል ይሉታል። ይህቺ ሴት ዴቢትና ክሬዲት ታውቃለች!

«የቀለበቶች ጌታ»ን በጻፈው ቶልኪን ላይ አጭር ነኝ። ግጥሞቹን እዘላለሁ፤ ማንም አይቆጣኝ። ግን ሳም የሚባለው አገልጋይ ድስቱንና ጨዉን ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ፣ መጨረሻ ላይ ሸክም ሲከብድ ድስቱን ሲጥለው አንጀቴ ተላወሰ። ሰይፍ የሚጥል ጀግና ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ አልሆንኩም።

የኮሚክሱ ደራሲዎች ሱፐርማንን በ1992 ገድለው በ1993 አስነሱት። ዕዳ ሲሰረዝ ደስ የሚለው ባለዕዳውን ብቻ ነው፤ እኔ አንባቢው ምን አገኘሁ? ከዚያ ይልቅ የእኛውን ኮሚክስ «ጀምበር»ን ተመልከቱ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ነው። ከልዩ ኃይሉ ይልቅ የያዘኝ ሥራ ፍለጋው ነው፤ እንዲያውም እሱ ላይ ትንሽ በቆየ ብያለሁ። በሥዕል መተረክስ ለእኛ መች አዲስ ሆነ? የንግሥት ሳባን ታሪክ የያዘው ሥዕል ብዙ ጊዜ 44 ክፍል አለው፤ በረድፍ በረድፍ ይነበባል። የሚጀምረውም ከአርዌ ነው፤ ሕዝቡ ልጁንና ከብቱን እየገበረ ከሚቀልበው ዘንዶ። አጋቦስ የሚባል ሰው በተመረዘች ፍየል ገደለው። ከእናንተ ውስጥ ሥዕል የሚችል ካለ የዚያን ግብር ዘመን ይሣልልኝ።

«ዋችሜን» ስለሚባለው ኮሚክስ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። በ1986 እና 1987 በ12 ክፍል የወጣ ነው። እውነተኛ ልዩ ኃይል ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀሩት ጭምብል ያጠለቁ፣ ጉልበታቸው የሚያልቅ ሰዎች ናቸው። ወደድኩት፤ ጭካኔው ግን ለትንንሾቻችሁ አይሆንም። ሠዓሊው ብዙውን ገጽ ዘጠኝ እኩል ሣጥን አድርጎ ከፍሎታል። ስለዚህ አንዱ ሣጥን ተለቅ ሲል ዐይን ይደነግጣል። ስልክ ላይ ፒዲኤፉን እያጎላችሁ ሣጥን በሣጥን ስታነቡት ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጡና አንድ የታተመ ቅጂ ግዙ፤ ሽፋኑን ፕላስቲክ አልብሱት፤ ማን ጋ እንዳለም ደብተር ላይ መዝግቡ።