ዲላ ሂጂ፣ ባንኩ ይደረስበታል

ከአራት ኪሎ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ላይ እንዳለሽ ነግረሽኛል። በጌዴኦ ዞን ዲላ አካባቢ በጥምር ደን እርሻ (ዛፍንና ሰብልን በአንድ ማሳ አጣምሮ በማልማት) ላይ የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት በመስክ ባለሙያነት ለዓመት ሊቀጥርሽ ፈልጓል። አባትሽ ግን «አራት ዓመት የተማርሽው ችግኝ ልትተክዪ ነው? በማታ አካውንቲንግ ተማሪና ባንክ ግቢ» ብለውሻል።

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አባትሽ ተሳስተዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ለመትከልማ ማን ያንሳል? የሚቸግረው ማጽደቁ ነው። ፕላስቲኩ ሳይወጣለት የተቀበረ ችግኝ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀርና በጋ ሲገባ ይደርቃል። ከዚህ የተረፈውንም ቢሆን፣ ዛፉ እስኪያድግ የሚበላውና የሚሸጠው ያጣ አርሶ አደር ከብቱን ያስገባበታል፤ አይፈረድበትም። የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ከተፈለገ ዛፉ የባለመሬቱንም ጓዳ ማሰብ አለበት።

ጌዴኦ ውስጥ ይህንን በዓይንሽ ታያለሽ። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው ቡና፣ ከቡናው ጎን እንሰት፣ ዝቅ ብሎ ጎመንና ቦይና የሚባለው ሥራ ሥር። ብርብራው ለቡናው ጥላ ይሆናል፣ የረገፈ ቅጠሉ አፈሩን ያለብሳል፣ ሥሩ ደግሞ ናይትሮጅን ይጨምርለታል። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ እንሰቱ ዝናብ ቢዘገይ ቤተሰቡን ያቆያል። ያን ያህል ሕዝብ በሰፈረበት ተዳፋት መሬት አፈሩ ተጠርጎ ያልሄደው በዚህ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው መልክዓ ምድር ነው። ታዲያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ካዛንቺስ የትኛው ቢሮ ውስጥ ታገኛለሽ?

እኔ ሥራ የጀመርኩት በገጠር ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ነው። አርሶ አደሩ «ይሄ እዚህ አይሆንም» ሲል ከስንፍና ሳይሆን ከምን እንደሆነ መለየት የተማርኩት እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሥራ ሁሉ ያገኘሁትም በዚሁ ነው። ሪፖርት የሚጽፍ ሞልቷል። ከተተከለው ችግኝ ስንቱ እንደጸደቀ ራሱ ማሳው ላይ ወርዶ ቆጥሮ፣ ለምን እንደቀነሰ የሚያስረዳ ግን ተፈልጎ አይገኝም። አንቺ ያንን ሁኚ።

ደመወዙ ትንሽ ነው ያልሽው እውነት ነው። ግን አካውንቲንጉ ዓመታት ይፈጃል፣ ከኪስሽም ያስወጣሻል፤ ጨርሰሽም ለባንክ ፈተና ከስንት ተመራቂ ጋር ነው የምትሰለፊው። ከደመወዝሽ ይሸፈናል ስለተባለው የወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያም ልናገር፤ እሱ የወላጆችሽ ኃላፊነት ነው፣ በመጀመሪያ ደመወዝሽ ላይ የተጻፈ ዕዳ አይደለም። በየወሩ የምትችዪውን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ።

ማስተርሱ ይቆይ፣ ከመስክ ጥያቄ ይዘሽ ስትመጪ ይሻላል። ጌዴኦኛ አለመቻልሽ አያስፈራሽ፣ ከሰላምታው ጀምሪ። ውሉ ላይ የውሎ አበል፣ የትራንስፖርትና የሕክምና ወጪ በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ ሳታዪ ግን እንዳትፈርሚ።