ናሸር የማን አገር ውሻ ነው?

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ትንሽ ቦታ ተርፎኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የእንግሊዝ የልጆች ኮሚክ (ታሪኩን በሥዕል የሚናገር መጽሔት) እንደምሰበስብ በ2 መስመር ጽፌ ነበር። ጉድ ፈላ። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ደብዳቤ ጎረፈ። ግማሹ «እኔም!» ይላል፣ ግማሹ «በዚህ ዕድሜህ አታፍርም ወይ?» ይላል። አላፍርም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የቤት ኪራይና የፍቅር ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ታገሡኝ። ደግሞ ከአሁኑ ልናገር፣ እዚህ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

«የ9 ዓመቱ ልጄ፣ አጎቱ ከለንደን ቢኖ የሚባል መጽሐፍ ከላከለት ወዲህ አስቸገረን። ባለፈው ሳምንት እህቱ ተኝታ ሳለ ሹሩባዋን ከአልጋው ራስጌ ጋር ቋጠረው። እናቱ መጽሐፉን ምድጃ ውስጥ እንክተተው ትላለች። ምን ይሻላል?» (አባት፣ ከፍኖተ ሰላም)

ጋሼ፣ በመጀመሪያ እህቱን ይቅርታ ይጠይቃት። መጽሐፉ ግን እባክዎ አይቃጠል።

ልጅዎን ያሳበደው ዴኒስ የሚባለው የቢኖ ኮሚክ ረባሽ ልጅ መሆን አለበት። ቀይና ጥቁር መስመር ያለው ሹራብ ለባሽ፣ ፀጉሩ እንደ ጃርት የቆመ። ቢኖ ላይ የወጣው በመጋቢት 1951 ነው። የሚገርመው በዚያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ሌላ ረባሽ ልጅ፣ በዚሁ ስም፣ ጋዜጣ ላይ ጀመረ። አንዱ ከሌላው አልሰማም፣ አልቀዳም። እንዲሁ ተገጣጠመ። የአሜሪካው ግን ቆንጆ ልጅ ነው፣ ሳያስበው ነው የሚያጠፋው። የእንግሊዙ አስቦና አቅዶ ነው።

የዴኒስ ታሪክ ሁሌም አንድ ነው። ያጠፋል፣ ይሮጣል፣ ይያዛል። በድሮዎቹ ላይ የመጨረሻው ሣጥን (አንዱ ሥዕል የሚሳልበት ማለቴ ነው) በአባቱ ነጠላ ጫማ መገረፍ ነበር፣ ዛሬ እሱ ቀርቷል። እና ልጅ ይህን ሲያነብ ምክር እየሰማ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው የሚስቀው። የኛ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ጠዋት ተነስተው ፊታቸውን ታጥበው ወላጆቻቸውን ያግዛሉ፣ እኔ እንደነሱ ያለ ልጅ በአካል አይቼ አላውቅም። ሹሩባ መቋጠር ደግሞ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነገር አይደለም። ዴኒስ እጅ ላይ የማይጠፋውን፣ ባላ እንጨት ላይ ላስቲክ የታሰረበትን ወንጭፍ፣ እኔ ኮሚክ የሚባል ነገር ሳላይ ነው የጎረቤት መስኮት ላይ የሞከርኩት።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነው፣ ባሕር ዳር፣ ገበያ አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ ላስቲክ ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት። ሽፋን የለውም። ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የአንድ ፈረንጅ ልጅ ስም ተጽፎ ተሰርዟል፣ ከሥሩ የሌላ ልጅ ስም ተጽፎ እሱም ተሰርዟል፣ ከዚያ የመጀመሪያው እንደገና። ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። የመጨረሻው ቅጠል ደግሞ ተቀዷል። ዴኒስ ጣሪያ ላይ እንደወጣ ቀረ፣ ይያዝ ያምልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«መጀመሪያ የወጣው ቢኖ ነው ወይስ ዳንዲ? ከጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ተወራርደናል።» (ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ)

ዳንዲ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1937። ቢኖ በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐምሌ 30 ቀን 1938 ተከተለው። ሁለቱንም ያሳተመው ዲሲ ቶምሰን የሚባል ድርጅት ነው፣ ከተማው ደንዲ ይባላል (ዳንዲ በደንዲ፣ በእንግሊዝኛ ሁለቱ አይመሳሰሉም፣ በኛ ፊደል ነው የተጣበቁት)። ደንዲ ያለችው ስኮትላንድ ነው። እኔም «የእንግሊዝ ኮሚክ» ስል ተሳስቻለሁ፣ የደብረ ማርቆስን ሰው ጎንደሬ እንደማለት ነው።

የመጀመሪያው ቢኖ ሽፋን ላይ ያለችው ሰጎን ናት። ዋጋው 2 ፔንስ፣ ከውስጡ የወረቀት ጭምብል በነፃ። ጦርነቱ መጣና ወረቀት ጠፋ፣ ስለዚህ ከ1941 ጀምሮ ሁለቱ ኮሚኮች ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቁ ይወጡ ነበር፣ እስከ 1949። ከዚያ ፈነዳ። በ1950 ቢኖ በሳምንት ወደ 2 ሚሊዮን ኮፒ ይሸጥ ነበር። ዳንዲ 75 ዓመቱን በሞላበት ቀን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2012፣ የወረቀቱ ሕትመት ቆመ። ቢኖ አለ፣ በ2019 ከ4000ኛው እትም አለፈ። ደንዲ ከተማ መሀል የዳንዲው ጉልበተኛ፣ የዴስፐሬት ዳን ሐውልት ቆሟል። ምግቡ ቀንዱና ጭራው ሳይወልቅ ከነሙሉ በሬው የተጋገረ ዳቦ መሳይ ነገር ነው፣ ቀንዱ ከላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ብርንዶ ወዳዱ የአገሬ ሰው ሥዕሉን ሳሳየው «በሬው ለምን ተጋገረ?» ነው ያለኝ።

ማኪያቶውን ማን ከፈለ?

«የዴኒስ ውሻ ሐበሻ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?» (ከ7 ሰው በላይ ጠይቋል፣ ከዳንግላ፣ ከሞጣ፣ ከአዴት)

እውነት ነው! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ውሻው ናሸር ይባላል፣ በ1968 ነው የመጣው። የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ለዴኒስ ውሻ ይሳልለት ሲባል ሠዓሊው ዴቪድ ሎው ምን ዓይነት ውሻ ብሎ ቢጠይቅ፣ የዴኒስን ፀጉር ሳልና እግር፣ ዓይንና አፍንጫ ጨምርበት አሉት። በቃ። ጥርስ ያለው ፀጉር ነው። ዘሩን ደግሞ ኮሚኩ ራሱ «አቢሲኒያዊ፣ ሽቦ ፀጉር፣ የጨጓራ አዳኝ ውሻ» ይለዋል። እንዲህ የሚባል የውሻ ዘር በዓለም ላይ የለም። ሩቅና እንግዳ የሆነ አገር ስም ሲፈልጉ እኛ ጋ ደረሱ።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። እኔ አልከፋኝም፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ቅኔ አለ። በእንግሊዝኛ ጨጓራ የሚለው ቃል «የማይረባ ወሬ» ማለትም ነው። ሰሙ ጨጓራ የሚያሳድድ ውሻ፣ ወርቁ ዝባዝንኬ የሚያሳድድ ውሻ። ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር ኅብረ ቃል ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ደግሞስ ከሥጋ ቤት በር ላይ ጠዋት ቆሞ፣ ዱለት እየተከተፈ ሲሰማ ጆሮው የሚቆመው የሰፈራችን ውሻ የጨጓራ አዳኝ ካልሆነ ማን ነው?

«እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ኮሚኩን ይወዱታል፣ ቀልዱ ግን አይገባቸውም። እንዴት ልጠቀምበት?» (መምህርት፣ ከሞጣ)

እህቴ፣ ከናሸር ጀምሪ። የስሙ መጀመሪያ ላይ ጂ አለች፣ ግን አትነበብም። ስለዚህ ኮሚኩ ውስጥ ውሻው ሲናገር በኤን የሚጀምሩ ቃላት ሁሉ ፊት አንዲት የማትነበብ ጂ ይለጠፍባቸዋል። ናይስ በጂ፣ ኖ በጂ። ተማሪ ይህን አንዴ ከያዘ ስፔሊንግ ጨዋታ ይሆንለታል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ኮሚክ ያለ ድምፅ አይሆንም፣ ሁሉ ነገር ይፈነዳል፣ ይወድቃል፣ ይንጠባጠባል፣ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጊ፣ የድምፅ ቃላቱን በነጭ ወረቀት ሸፍኚ፣ በአማርኛ ይሙሉት። በዚህ ማንም አይችለንም። ሰው ሲወድቅ ዘጭ፣ በር ሲዘጋ ድርግም፣ ጥፊ ሲያርፍ ጧ፣ እህል ሲፈስ ዝርግፍ። አንዴ ለእህቴ ልጅ ይህን ሰጥቼው፣ ቂጣ ፊት ላይ ለሚለጠፍበት ሣጥን «ልጥፍ» ብሎ ጻፈና ትንሽ አሰበበት፣ ሰረዘው፣ «ጠፍ» አለ። ልክ ነው፣ ጠፍ ነው። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ግለጪላቸውና ያወዳድሩ።

«ለልጆቼ ላስመጣ ነው። የትኛውን? ደግሞ ለልጅ የማይሆን ነገር የለበትም?» (እናት፣ ከቡሬ)

የሚመጣ ሰው ካለሽ ሻንጣ ውስጥ የማይጨማደደው ዓመታዊው የቢኖ መጽሐፍ ነው፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። በመጸው ወጥቶ የሚቀጥለውን ዓመት ቁጥር ይይዛል፣ ገና ስጦታ እንዲሆን። ቁጥሩን አይተሽ አታለሉኝ እንዳትይ። ከሳምንታዊዎቹ ቢኖ አለ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ፊኒክስ የሚባል ከኦክስፎርድ ይወጣል፣ ታሪኮቹ ከሳምንት ሳምንት ይቀጥላሉ። ውስጡ ያለውን የጄሚ ስማርትን ጥንቸልና ጦጣ በጣም እወደዋለሁ፤ ጦጣው ጫካውን የኔ ነው ብሎ ይገባል፣ ጥንቸሉ እረፍት ያጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። ልጅሽ ረጅም ታሪክ የሚከታተል ከሆነ ፊኒክስ፣ አንድ ገጽ አንብቦ ለመሮጥ የሚነሳ ከሆነ ቢኖ።

ስለማይሆነው ነገር እውነቱን ልንገርሽ። የአሁኖቹ ምንም የላቸውም፣ እንዲያውም ባሽ ስትሪት በሚባለው የቢኖ የረባሾች ክፍል ውስጥ «ወፍራሙ» ይባል የነበረውን ልጅ በ2021 ፍሬዲ አሉት። የድሮዎቹ ግን ይለያሉ። የመጀመሪያዎቹ ቢኖዎች ርዕስ አጠገብ ሐብሐብ የሚበላ ጥቁር ልጅ ለማላገጫ ይሳል ነበር። መጀመሪያ ሳየው ደሜ ፈላ። ለልጅ አላሳይም፣ እኔ ግን መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ምክንያቱም ከጥሩው ጋር የመጣ እሱም ታሪክ ነው።

ስለ ሥዕል ከተነሳ፣ የአሁኑ ቢኖ ለኔ ትንሽ ጸድቷል። የሠዓሊው የሊዮ ባክስንዴል የ1950ዎቹ ባሽ ስትሪት ይሻለኛል። ደወል ሲደወል ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደ ንብ ሲግተለተሉ ገጹን በሙሉ ይሞላል፣ ጥግ ላይ አንዱ አንዱን ይነክሳል፣ አንዱ ዛፍ ላይ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ስታይው አዲስ ነገር ታገኛለሽ።

«የራሳችን ተረት እያለ የፈረንጅ ቅሌት ለልጅ መስበክ ምን ይሉታል?» (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከቢቸና)

ጋሼ፣ ቁጣዎ ግማሹ ልክ ነው። ዘጌ ሄደው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያዩ እንደሆነ፣ ግድግዳው ላይ ታሪኩ በሥዕል ተራ በተራ ወርዷል፣ ማን ማን እንደሆነ ከጎኑ ተጽፏል። ታሪክን በሥዕል ማንበብ ማንም አላስተማረንም። ቅዱስ ሥዕል ከዴኒስ ጋር አወዳደርክ እንዳይሉኝ፣ ስለ አሠራሩ ብቻ ነው።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አለቃ ገብረ ሃናን ያህል ሰው ይዘን ሳምንታዊ ኮሚክ የለንም። አለቃ እኮ ለሣጥን የተፈጠሩ ናቸው። በአንደኛው ሣጥን ይገባሉ፣ በሁለተኛው ይሳደባሉ፣ በሦስተኛው ይሰደባሉ። የሚስል ካለ አንድ ገጽ ይላክልኝ፣ የዚህን ዓምድ ግማሽ እሰጠዋለሁ፣ ዋና አዘጋጁን እኔ አናግራለሁ።

«ሱቅ ስኳር የጠቀለሉልኝ ወረቀት ላይ ቀይና ጥቁር ሹራብ የለበሰ ልጅ ጣሪያ ላይ ቆሟል። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ትፈልገዋለህ?» (ከደጀን)

እፈልገዋለሁ! ስኳሩን ቀስ ብለሽ ገልብጪው፣ ወረቀቱን አትጠፊው፣ አታርጥቢው። የገጹን ቁጥር ግን ዛሬውኑ ጻፊልኝ።