የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ልጄ ሙዚየም ውስጥ የምትሠራው ጥናት ነው ወይስ እንግዳ መቀበል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ የሥነ ልሳን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ነርስ ወይም ፋርማሲስት ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ ቋንቋ ማጥናት መረጠች፤ እሱንም ተቀበልኩ። አሁን ደግሞ የሰመር ዕረፍቷን ዋሽንግተን በሚገኘው ፕላኔት ወርድ በተባለ ሙዚየም ውስጥ «የቋንቋ ሳይንስ ጥናት» እየሠራሁ ነው ትላለች። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ሳያት ከሕፃናትና ከቱሪስቶች ጋር ቆማ ሥዕል ስታሳይና ስታወራ አገኘኋት። ለመሆኑ ይህ ጥናት ነው ወይስ እንግዳ መቀበል? ለነገ ሕይወቷስ ይጠቅማታል? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ውድ እናት፣ ያዩት ነገር እውነተኛ ጥናት ነው፤ ከእንግዶች ጋር ቆሞ ማውራቱም የጥናቱ ግማሽ አካል ነው። ብዙ ወላጆች ጥናት ሲባል የሚታያቸው ነጭ ጋዋን፣ ዝግ ክፍልና ጸጥታ ስለሆነ፣ ልጃቸውን በሰው ግርግር መካከል ሲያገኟት ግር ቢላቸው አያስደንቅም።

ልጅዎ ያለችበት ቤት ለዚህ ሥራ የተገባ ነው። ፕላኔት ወርድ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተ፣ ስለ ቃላትና ስለ ቋንቋ ብቻ የቆመ ሙዚየም ሲሆን፣ ያረፈበት የፍራንክሊን ትምህርት ቤት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1869 የተሠራ ነው። የስልክ ፈልሳፊ የሚባለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 የሰው ድምፅ በብርሃን ጨረር ላይ ተጭኖ ያለ ሽቦ 213 ሜትር ያህል እንዲጓዝ ሲያደርግ፣ ድምፁ የተላከው ከዚሁ ሕንፃ አናት ነበር። ዛሬ በውስጡ ያለውን የቋንቋ ሳይንስ ጣቢያ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከሃዋርድና ከጋሎዴት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ያካሂደዋል። ጋሎዴት እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የኮሌጅ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ስለሆነ፣ እዚያ ቋንቋ ሲባል በአፍ የሚነገረው ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚነገረውም ጭምር ነው።

ተመራማሪዎች ወደ ሙዚየም የሚሄዱበት ምክንያት አለ። ለብዙ ዘመን ስለ ሰው ልጅ አእምሮና ቋንቋ የተጻፉ ጥናቶች ተሳታፊዎቻቸውን በአብዛኛው ያገኙ የነበረው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ነው። መምህሩ ቅርብ ያገኛቸው እነሱን ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ፣ ከምዕራባውያን የተማሩና የበለጸጉ ማኅበረሰቦች ብቻ በተገኘ መረጃ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ መደምደም ስሕተት መሆኑን በሰፊው ካሳዩ ወዲህ ጉዳዩ ዋና መነጋገሪያ ሆኗል። ሙዚየም ግን አያት ከልጅ ልጇ ጋር፣ የገጠሩ ከከተሜው ጋር፣ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቀው አራት ቋንቋ ከሚናገረው ጋር በአንድ በር የሚገቡበት ቦታ ነው።

ያዩት ሥዕልም ተራ ማጫወቻ ላይሆን ይችላል። ዣን ቤርኮ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ለትንንሽ ሕፃናት ወፍ የመሰለች ፍጥረት በሥዕል አሳይታ «ይህች ዋግ ናት» አለቻቸው፤ ከዚያም ሁለት ዋጎችን እያሳየች ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርሱላት ጠየቀች። ቃሉ ፈጠራ ስለሆነ ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ሕፃናቱ ግን የእንግሊዝኛውን የብዙ ቁጥር ምልክት በትክክል ጨመሩበት። ሕፃን የሰማውን ብቻ እንደማይደግምና ከሰማው ውስጥ ሕግ እንደሚያወጣ በዚህ ታየ። በአማርኛ ቤትዎ ይሞክሩት፦ «ይህ አንድ ሙጢ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት...» ብለው ለትንሽ ልጅ ቢያሳዩ፣ «ሙጢዎች» ነው የሚልዎት ወይስ «ሁለት ሙጢ» ብሎ ያልፋል? አማርኛ ቁጥር ካለ ሁለቱንም ስለሚፈቅድ፣ የልጁ ምርጫ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው።

ሌላም ላሳይዎት። ሃሪ መጉርክና ጆን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ ድምፁ «ባ» የሚል፣ ከንፈሩ ግን «ጋ» ሲል የተቀረጸ ሰው ፊት ለተመልካች ሲታይ፣ ብዙ ሰው የሚሰማው «ዳ» ሆኖ ተገኘ። ተማሪዋ ጎብኚውን «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ስትለው «ባ» ይሰማል፤ ሲገልጥ «ዳ» ይሆንበታል። ያን ጊዜ በጎብኚው ፊት ላይ የሚታየውን መገረም አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ፣ ለምን ሰው ፊት መቆም እንዳለበት ሁለተኛ አይጠይቅም።

ከዓይንዎ የተሰወረው ትልቁ ሥልጠና ግን ከዚህ በፊት ያለው ነው። ማንም ተማሪ ከሰው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ይወስዳል፤ ጥናቱም በዩኒቨርሲቲው ገምጋሚ ቦርድ ታይቶ ይጸድቃል። ለሕፃን የወላጅ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ በዚያ ላይ ሕፃኑ ራሱ እሺ ማለት አለበት። የስድስት ዓመት ልጅ እናቱ ፈርማለት ከተቀመጠ በኋላ ወደ በሩ ማየት ከጀመረ፣ ተማሪዋ ጥያቄዎቿ ቢቀሯትም አመስግና ታሰናብተዋለች፤ ያ መረጃ ሳይሟላ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው ሁሉ ለወጣት ተማሪ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ ደክማ ያዘጋጀችውን ሥራ አንድ ሕፃን «አልፈልግም» ስላለ መተው ነውና።

ሁለተኛው ሥልጠና የአነጋገር ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ሙዚየም ውስጥ ለአንዲት ሴት ስለ አናባቢና ተናባቢ በክፍል ውስጥ በተማርኩባቸው ቃላት አብራራሁላት። በትዕግሥት ሰምታኝ «ልጄ ‹ረ›ን መናገር አልቻለም፤ እሱን ልጠይቅህ ነበር» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ ሳልጠይቅ ማስረዳት ትቻለሁ። ዛሬ የሚሠለጥኑ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ጎብኚውን ስለ ራሱ ቋንቋ እንዲጠይቁ መደረጉ ትክክል ነው፤ ሰው ስለሚናገረው ቋንቋ ከማንም በላይ ያውቃልና።

ልጅዎ አማርኛ ከሰማች፣ ባልደረቦቿ የሌላቸውን ይዛ ገብታለች። እባክዎ ትንፋሽዎን ያዙና «ክ» ለማለት ይሞክሩ፤ አይሆንም። እንደያዙ «ቅ» ይበሉ፤ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ ቢያደርጉ ወደ ላይ ብድግ ሲል ይሰማዎታል። «ቅ»፣ «ጥ» እና «ጭ» የሚፈጠሩት ከሳንባ በሚመጣ አየር ሳይሆን በተዘጋ ጉሮሮና በአፍ መካከል በታመቀ አየር ነው። ይህን በዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ በራሷ አፍ ማሳየት የምትችል ተማሪ እንደ ሀብት ትቆጠራለች፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2004 የከተማው ሕግ ስለ ቋንቋ ተደራሽነት ከወጣ ወዲህ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ በሆነበት ከተማ።

ስለ ጥቅሙ ባጭሩ፦ የንግግር ሕክምና፣ መምህርነት፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርትና የቋንቋ ቴክኖሎጂ ሁሉ ከሰው መረጃ ሰብስቦ የሚያውቅና ለሰው ማስረዳት የሚችል ይፈልጋሉ። በኦሃዮ፣ ኮለምበስ ከተማ ባለው ኮሳይ በተባለ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥም የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ቤተ ሙከራ አለ፤ ግድግዳው መስተዋት ስለሆነ አላፊው ጎብኚ ጥናቱን ቆሞ ያያል። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ለሚሰጥባቸው የቅድመ ምረቃ የሰመር ምርምር ፕሮግራሞች ተማሪዎች ክፍያ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠየቃል። ስለዚህ ልጅዎ ለሚቀጥለው ዓመት ካሰበች ወረቀቷን አሁኑኑ ታስተካክል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ የሥነ ልሳን ተማሪ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ ያለ ብዙ ገንዘብ መጀመር ይቻላል? (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ይቻላል፤ አንተ ደግሞ ቦታው አጠገብህ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አንተ በምትማርበት ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል፤ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ተሰልፈው ይመጡበታል። ከመምህርህ ጋር ሆነህ ከሙዚየሙ ፈቃድ ጠይቅ፤ መረጃ ልትመዘግብ ከሆነም ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚዎች ፈቃድ ሳታገኝ አትጀምር። ለሕፃናት ያመጣቸው አስተማሪ እሺ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ቀን አንድ ካርድ በቂ ነው። «ገና መጣ» ብለህ በትልቁ ጻፍና ጎብኚው ድምፁን አሰምቶ እንዲያነበው ጠይቅ። «ና»ን አጥብቆ ካነበበው በዓሉ መጣ ማለት ነው፤ አላልቶ ካነበበው ደግሞ አንድ ሰው ገና አሁን መድረሱ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ አንባቢው ሳያውቀው ይመርጣል። ከዚያ ለምን እንደዚያ እንዳነበበው ጠይቀው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በትግርኛ ከሆነም በእሱ ቋንቋ አንድ ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም የሚለወጥበት ቃል እንዲነግርህ ለምነውና በማስታወሻህ ላይ ጻፈው።